አንሶላ፣ ብስክሌት፣ ባርኔጣ፦ ፊልም እንዴት እንመርምር?

ፊልም አይተን ስንጨርስ የምንጠያየቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው። «እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» ትንሽ ከገፋን ደግሞ «መልእክቱ ምንድን ነው?» እንባባላለን። እኔ ችግሩ ያለው እዚህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። ልጅ ሆነን ተረት በተነገረን ቁጥር «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እየተባልን ስላደግን ፊልምንም መጨረሻው ላይ ምክር እንዳንጠለጠለ ተረት አድርገን እናየዋለን። ሌብነት መጥፎ ነው። ትዕግሥት ፍሬ አለው። እናት ትከበር። እነዚህን ፊልሙን ሳናይም እናውቃቸዋለን።

ጭብጥ ግን ምክር አይደለም። እኔ እንደገባኝ ጭብጥ ማለት ፊልሙ አንድን ሰው ጥግ አስይዞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ያ ሰው በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ፊልም መመርመር የምትፈልጉ ከሆነ ከትልቁ ሐሳብ አትነሡ። ከትንንሹ ተነሡ። ማን ምን ፈለገ? ለማግኘት ምን አደረገ? ምን አጣ? ሲያጣ ማን አየው? ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩ በባዶ ሜዳ እንዳይሆን አንድ ፊልም ይዘን እንሂድ። «የብስክሌት ሌቦች» ይባላል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሀገራችንን ወርሮ የነበረው የፋሺስት ሥርዓት ወድቆ፣ ጦርነቱ አልቆ፣ ሮም ውስጥ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነው። አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ፈት አባወራ ግድግዳ ላይ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ብስክሌት ያለው ሰው ይፈልጋል። ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣነት ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የቤቱን አንሶላዎች አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ፣ አንቶኒዮና ትንሹ ብሩኖ፣ ከተማውን ሙሉ ብስክሌቱን ሲፈልጉ ነው የምናየው። መጨረሻውንም ጭምር ስለማወራ ያላያችሁት ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ። እውነቴን ነው፣ አንድ ምሽት ይገባዋል።

የመጀመሪያው ዕይታ የልብ ነው

በመጀመሪያው ዕይታ ምንም አትጻፉ። ስልካችሁን አርቁት። ስለ ፊልሙ የተጻፈ ነገርም አታንብቡ፤ ሌላ ሰው የነገራችሁን ነገር ፊልሙ ውስጥ ስትፈልጉ የራሳችሁ ዐይን ሥራ ይፈታል። እንደማንኛውም ተመልካች እዩ፣ ሳቁ፣ ተናደዱ፣ ከመጣባችሁም አልቅሱ።

ልክ ሲያልቅ፣ ከሰው ጋር ከማውራታችሁ በፊት፣ ወረቀት አንሡ። አእምሯችሁ ውስጥ የቀሩ ሦስት ምስሎችን ጻፉ። ለምን እንደቀሩ አትጨነቁ። ቀጥሎ ግራ ያጋባችሁን ወይም «ይቺ ነገር ለምን ገባች?» ያሰኛችሁን አንድ ነገር ጨምሩ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን አራተኛውን ነው። የገባችሁ ነገር ለሌላውም ሰው ገብቶታል፤ ያልገባችሁ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በር ነው።

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከእናቴ ጋር ነበር። ቋንቋው ጣሊያንኛ፣ ከታች የሚጻፈው ትርጉም ደግሞ እንግሊዝኛ፤ እኔ በጆሮዋ እየተረጎምኩላት ነው ያየችው። ሲያልቅ ስለ ድህነትና ስለ ጦርነቱ ማብራራት ጀመርኩ። እናቴ እየሰማችኝ አልነበረም። «ልጁ ባያየው ምን ነበረበት!» አለች። ብዙ ቆይቼ ፊልሙን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው የፊልሙን ልብ በዚያች ዓረፍተ ነገር እንደያዘችው የገባኝ። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ስሜታችሁን አትናቁ የምለው። ምርመራ ማለት ያን ስሜት የፈጠረው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ነው።

ታሪኩን ለሰው ንገሩ፣ ግን «ከዚያ» ሳትሉ

ሁለተኛው ሥራ ታሪኩን ፊልሙን ላላየ ሰው መንገር ነው። በቃል ቢሆን ይሻላል። አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ክስተቶቹን «ከዚያ» በሚለው ቃል አታያይዙ። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» በሉ።

ሞክሩት። ሥራ አገኘ፣ ነገር ግን ብስክሌት የለውም፤ ስለዚህ ማሪያ አንሶላዎቹን አስያዘች፤ ስለዚህ ብስክሌቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን ተሰረቀ፤ ፖሊስ ጋ ሄደ፣ ነገር ግን ፖሊስ መዝግቦ ከማለፍ በቀር ምንም አላደረገለትም፤ ስለዚህ ራሱ ሊፈልገው ወጣ። ሰንሰለቱ ይታያችኋል? በሥነ ጽሑፍ ክፍል «ሴራ» እየተባለ የሚነገረው ይህ ነው፣ ክስተት በክስተት ላይ መደርደሩ ሳይሆን አንዱ ሌላውን መውለዱ።

ስትናገሩ «ከዚያ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያጣችሁበት ቦታ ካጋጠማችሁ ምልክት አድርጉበት። እዚያ ቦታ ላይ ወይ ፊልሙ ደክሟል፣ ወይ ደግሞ ትዕይንቱ የገባው ለታሪኩ ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የምግብ ቤቱን ትዕይንት ውሰዱ። አንቶኒዮ ተበሳጭቶ ብሩኖን በጥፊ ይመታዋል። ልጁ ያኮርፋል፣ ከአባቱ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ አካባቢ «ልጅ ሰመጠ» የሚል ጩኸት ይሰማና አንቶኒዮ ብሩኖ መስሎት ይደነግጣል። ብሩኖ ደኅና ነው። አባትየው በኪሱ ያለችውን ይዞ ልጁን ምግብ ቤት ያስገባዋል። ወይን ያዛሉ፣ ይበላሉ። አጠገባቸው የሀብታም ቤተሰብ አለ፤ እዚያ ያለው ልጅ ብሩኖን ከላይ እስከ ታች ይገላምጠዋል።

ይህን ትዕይንት ቆርጣችሁ ብታወጡት የብስክሌቱ ፍለጋ ምንም አይጎድልበትም። ታዲያ ለምን ገባ? እኔ የማየው እንዲህ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንቶኒዮ ብስክሌቱ ባይጠፋ ኖሮ በወር ስንት ያገኝ እንደነበር ከልጁ ጋር ሆኖ ወረቀት ላይ ያሰላል። ሁለቱ እኩል ሰው፣ እንደ ጓደኛ ሆነው የተቀመጡበት ትዕይንት ይህ ነው። የአባቱን ክብር የምናየው ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከፍ ያላደረጉትን ነገር መጣል አይቻልማ። ትዕይንቱ ፍለጋውን አንድ እርምጃ አያራምድም፣ የመጨረሻውን ስብራት ግን ያዘጋጃል። «ከዚያ» የምትለዋ ቃል የጠቆመችን ይህን ነው።

ሰውየውን በቅጽል ሳይሆን በግስ ጻፉት

ስለ ገጸ ባሕርይ ጻፉ ስንባል ቶሎ ወደ እጃችን የሚመጣው ቅጽል ነው። ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ቁጡ ነው። ቅጽል ፍርድ ነው፤ ፍርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገውን ብቻ በግስ መዝግቡ። ተቀመጠ፣ ሮጠ፣ ደበቀ፣ ዋሸ፣ መታ። በየአሥር ደቂቃው ፊልሙን አቁማችሁ ብትጽፉ ይበቃል።

አንቶኒዮን መጀመሪያ የምናገኘው ሥራ የሚታደልበት ቦታ ነው። ሥራ ፈላጊዎቹ ከበው ይጮኻሉ። እሱ ግን ከመካከላቸው የለም። ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ ሌላ ሰው ሮጦ ነው የሚጠራው። ተስፋ ቆርጧል ልትሉ ትችላላችሁ። ኩሩ ነው፣ ከሕዝቡ ጋር መጋፋት አይወድም ልትሉም ትችላላችሁ። ሁለቱንም ጻፏቸው፣ ፊልሙ ወደፊት የቱን እንደሚያጠናክር ታያላችሁ።

ቀጥሎ ማሪያ ትመጣለች። ብስክሌት የለኝም ብሎ ሲያማርር እሷ አንሶላዎቹን ከአልጋው ላይ መግፈፍ ትጀምራለች። ያለ አንሶላም መተኛት ይቻላል፣ ነገሩ ይኸው ነው። በዚህች አንዲት ድርጊት ስለ ሁለቱም ብዙ እናውቃለን፤ እሱ ችግሩን ይቆጥራል፣ እሷ መውጫውን ትፈልጋለች።

አንድ ገጸ ባሕርይ መለወጡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ የገጠመውን ቦታ ፈልጉ። እኔ በዚህ ፊልም ውስጥ በጣም የምወደው የጠንቋይዋን ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ ማሪያ ሥራ እንደሚገኝ የነገረቻትን ሴት ልታመሰግንና ገንዘብ ልትሰጥ ትሄዳለች። አንቶኒዮ ያሾፍባታል፣ በዚህ ታምኛለሽ እንዴ ይላታል፣ ጎትቶ ያወጣታል። ፍለጋው ተስፋ ሲያስቆርጠው ግን እሱ ራሱ ልጁን ይዞ እዚያችው ሴት ፊት ይቀመጣል። የምትነግረውም አሁን ካላገኘኸው አታገኘውም የሚል ነገር ነው። ገንዘቡንም ይከፍላል። ማንም ሰው አፉን ከፍቶ «አንቶኒዮ ተሸነፈ» አላለም። ግን ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ምን ያህል እንደወረደ በክንድ መለካት ትችላላችሁ።

ትንሹን ብሩኖንም አትርሱት። ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ልጁን እንደ ማሳዘኛ ብቻ ያየዋል። ግሶቹን ብትመዘግቡ ሌላ ሰው ታገኛላችሁ። ብስክሌቱ መያዣ ቤት ተቀምጦ ሳለ መጋጨቱን የሚያስተውለው እሱ ነው፤ እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር ብሎ ይናደዳል። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አልጋው ላይ የተኛውን የቤቱን ሕፃን ብርሃን እንዳይመታው መስኮቱን ይዘጋል። ገና ልጅ ነው፣ ግን የቤቱ ትንሽ አባወራ ነው። ለዚህ ነው የአባቱ ውድቀት እሱን እንደዚያ የሚያደቀው፤ አባቱን የሚያየው ሊመስለው እንደሚፈልግ ሰው ነው።

ጠላቱ ማን ነው?

ግጭትን ስንመረምር ክፉ ሰው መፈለግ ለምዶብናል። በብዙ ፊልሞቻችን ውስጥም ክፉው ገና ሲገባ በሙዚቃው ይታወቃል። እዚህ ፊልም ውስጥ ግን አንቶኒዮ ሌባውን ሲያገኘው ምን ያገኛል? ምስኪን ወጣት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ በግርግሩ መሐል መሬት ላይ ወድቆ የሚንፈራገጥ። ሰፈርተኛው ሌባውን ደግፎ አንቶኒዮ ላይ ይነሣበታል። ማስረጃም የለም።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ሲያጋጥማችሁ «ክፉው ማን ነው?» የምትለዋን ተዉና «ሰውየው እርዳታ ፍለጋ የት የት ሄደ?» ብላችሁ ዘርዝሩ። አንቶኒዮ ፖሊስ ጋ ሄደ። የፓርቲ ስብሰባ ወዳለበት ምድር ቤት ሄዶ ጓደኛውን ለመነ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድሆች ጸልየው ምሳ በሚበሉበት መሐል ገባ። ጠንቋይ ጋ ሄደ። በየቦታው ሰው አለ፣ ሥርዓት አለ፣ አንዳንዱም ቅን ነው። አንዱም ግን ብስክሌቱን ሊመልስለት አልቻለም። ይህን ዝርዝር ስትጨርሱ መቼቱም ትርጉም ይሰጣችኋል። ሮም እዚህ ጌጥ አይደለችም። እንዲያውም ግጭቱ ራሱ ከተማዋ ናት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዕቃው መጀመሪያ ዕቃ ነው

ምልክት መፈለግ ደስ ይላል፣ አደገኛም ነው። ቀይ ቀሚስ ካየን ደም፣ ወፍ ካየን ነፃነት እያልን ከፊልሙ እንወጣለን። እኔ የምከተላት ደንብ ይህች ናት፦ አንድ ዕቃ መጀመሪያ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይኑረው። ቀጥሎ ተመልሶ ይምጣ። ሲመለስ ደግሞ ትርጉሙ ተለውጦ ይምጣ። ሦስቱም ከተሟሉ ስለ ዕቃው አንድ አንቀጽ መጻፍ ትችላላችሁ።

አንሶላው ሥራ አለው፣ ብስክሌት ያስመልሳል። ማሪያ አስረክባ ስትጨርስ ግን ካሜራው የመያዣ ቤቱን ሠራተኛ ይከተላል። የእነ አንቶኒዮን አንሶላ ይዞ መደርደሪያውን ይወጣል፤ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ የሌላ ሰው አንሶላ ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የአንድ ቤት ችግር የከተማ ችግር ሆነ። ቃል አልወጣም።

ብስክሌቱም እንዲሁ ነው። የንግድ ስሙ «ፊደስ» ነው፣ በላቲን እምነት ማለት ነው። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ ብቻ ብትቆሙ ደካማ ምርመራ ነው። ይልቅ ብስክሌቱ በየትዕይንቱ ምን እንደሚሆን ተከተሉት። መጀመሪያ አንድ ብቻ ነው፣ የእነሱ። ሲጠፋ ሊፈልጉት ገበያ ይሄዳሉ፤ እዚያ መዓት ብስክሌት፣ ተፈታትቶ የተቆለለ ጎማ፣ ደወልና መንፊያ ያገኛሉ። መጨረሻ ላይ አንቶኒዮ አንድ ስታዲየም ውጭ ተደርድሮ የቆመ ብስክሌት ዐይኑ እስኪሰለች ያያል። የጠፋው አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ዓለም ሁሉ ያ ነገር ያለው፣ እሱ ብቻ የተነፈገ መሰለ። ሊሰርቅ የሚነሣሣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ባርኔጣው ልምጣ። አንቶኒዮ ልጁን በትራም ሂድና ጠብቀኝ ብሎ ይሸኘዋል። እንዳያየው ነው። ብሩኖ ትራሙ ያመልጠዋል። አባቱ ብስክሌት ነጥቆ ሲሸሽ፣ ሰው ሲያባርረው፣ ሲይዘው፣ ሲመታው ያያል። እያለቀሰ ወደ አባቱ ይሮጣል። ባርኔጣው ወድቋል። ብሩኖ አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል።

ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ይኸው ልጅ ምን እያደረገ ነበር? ሥራው በሚጀመርበት ጠዋት የአባቱን ብስክሌት እየወለወለ ነበር። ያኔ የሚያጸዳው የቤተሰቡን ኩራት ነው። አሁን የሚያጸዳው የተዋረደ አባቱን ባርኔጣ ነው። እጁ ያው እጅ ነው፣ ጥንቃቄው ያው ጥንቃቄ ነው። ይህን ሳስተውል ፊልሙን አቁሜ ብዙ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ትዕይንቶችን ሁልጊዜ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። ሌላ ምንም ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ይህን አድርጉ።

ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር

እስካሁን የሰበሰባችሁትን ፊታችሁ አድርጉ። ጭብጡ ምንድን ነው?

«ድህነት» ካላችሁ ርዕሰ ጉዳዩን ነው የነገራችሁኝ። አንድ ቃል ጭብጥ አይሆንም፤ ስለ ድህነት ብዙ ፊልም አለ፣ ሁሉም ግን የተለያየ ነገር ይላል። «ድሃም ቢሆን መስረቅ የለበትም» ካላችሁ ደግሞ ወደ ምክር ተመለስን፤ ፊልሙም እንደዚያ አይልም። የብስክሌቱ ባለቤት እንኳ ብሩኖን ሲያይ አንቶኒዮን ሳይከሰው ይተወዋል።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥያቄ አሁን አምጧት። ምን አጣ፣ ማን አየው? አንቶኒዮ አልታሰረም። ዋጋው እስር አይደለም። ዋጋው ልጁ ማየቱ ነው። እናቴ ያለችው! እንግዲህ እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ሰውን የሚያኖር ሥራ ባልተረፈበት ከተማ ውስጥ ድህነት ከአባት ላይ የሚወስደው ትልቁ ነገር በልጁ ዐይን ውስጥ ያለውን ቦታ ነው፤ ልጁ ግን ያን ቦታ መልሶ ሊሰጠው ይችላል።» መጨረሻ ላይ አንቶኒዮ እያለቀሰ ሲሄድ ብሩኖ እጁን ይይዘዋል፤ የዓረፍተ ነገሬ ሁለተኛ ግማሽ ከዚህ የመጣ ነው። እናንተ በዚህ ላትስማሙ ትችላላችሁ። ልጁ እጁን የያዘው በይቅርታ ሳይሆን በሐዘን ነው፣ አሁን የሚጠብቀው ልጁ አባቱን ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ትዕይንት ጠቅሳችሁ እስካስረዳችሁ ድረስ ጥሩ ምርመራ ነው።

ዓረፍተ ነገራችሁን ፈትኑት። የሚቃወመው ትዕይንት አለ? ካለ አትደብቁት፣ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉ። እኔ መጀመሪያ «ሕዝቡ ጨካኝ ነው» የሚል ነገር ጽፌ ነበር። ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አንቶኒዮ ሲሰረቅ «ሌባ!» ብሎ ሲጮኽ ሌባው ያመልጣል፤ እሱ ሲሰርቅ ግን በአንድ ጩኸት መንገደኛው ሁሉ ደረሰበት። የሌባው ሰፈር ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ልጅ ተከላክለውለታል። ስለዚህ ሕዝቡ ጨካኝም ርኅሩኅም አይደለም፤ ነገሩ ከማን ጋር ቆመሃል ነው። አንቶኒዮ ከማንም ጋር አልቆመም ነበር። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። መጨረሻው ላይ ደግሞ ከልጁ ጋር እየሄደ ሰው መሐል ገብቶ ይጠፋል።

ርዕሱንም አንብቡት፣ ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ። «ሌቦች» ይላል፣ ብዙ ቁጥር። ስትጀምሩ የሌላ ሰው ስም ይመስላችኋል። ስትጨርሱ አንዱ ሌባ አብራችሁት ስትደክሙ የዋላችሁት ሰው ነው።

በእኛ ቋንቋ ርዕስ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማየት የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» እዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋንም በጠመንጃ ትገድላለች። ቃሉን አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ሁለት ነገር ይሰማል። ጀግንነት፣ እንዲሁም መደፈር። ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ይህን ለማስረዳት አንድ ገጽ ያስፈልጋል፤ ለእኛ ርዕሱ ብቻውን የፊልሙን ጥያቄ ይዞልናል፦ የደፈረው ማን ነው? እሷ የፈጸመችው ድርጊት በየትኛው ትርጉም ይጠራ? ፊልሙ ውስጥ ጉዳዩ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበትም በሕግ ፊትም ይታያል። እነዚህን ሁለት ሸንጎዎች አነጻጽሩና ቃሉን እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚረዱት ጻፉ። ጥሩ የመለማመጃ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የጊዜ አደራደር የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ጎበዝ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ነው የምናገኘው። ታሪኩ በምልሰት ወደ ልጅነቱ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይሄዳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ የምናውቀው በጣም ዘግይተን ነው። እዚህ ላይ የምትጠይቁት «ለምን በቅደም ተከተል አልተነገረም?» የሚለውን ነው። በቅደም ተከተል ቢነገር «ምን ይደርስበት ይሆን?» እያልን እናይ ነበር። አሁን ግን «ምን አድርገውት ነው?» እያልን እናያለን። ጥያቄው ሲለወጥ ጭብጡም ይለወጣል።

ስትጽፉ

እያንዳንዱ አንቀጽ ትዕይንት ይኑረው። ሐሳባችሁን በሉ፣ ትዕይንቱን አሳዩ፣ ትዕይንቱ ሐሳባችሁን እንዴት እንደሚደግፍ አስረዱ። ታሪኩን መተረክ ውስጥ እንዳትሰጥሙ ተጠንቀቁ፤ ከአንቀጻችሁ ግማሹ ትረካ ከሆነ በዝቷል።

ደካማው እንዲህ ይሆናል፦ «አንቶኒዮ ኩሩ ሰው ነው። በመጨረሻም ተዋርዷል። ይህም በጣም ያሳዝናል።» የተሻለው ደግሞ እንዲህ፦ «አንቶኒዮ የሚስቱን ጠንቋይ ያጣጥላል፤ በኋላ ግን ልጁን አስከትሎ እዚያው ይሄዳል። ሊሰርቅ ሲነሣ ልጁን አርቆ ለመላክ ይሞክራል፤ ስለዚህ ከእስር ይልቅ የሚፈራው የብሩኖን ዐይን እንደሆነ ገና ሳይሰርቅ እናውቃለን።» ሁለተኛው ላይ «ኩሩ» የሚለው ቃል የለም። ኩራቱ ግን ይታያል።

ስለ ፊልሙ አሠራር የሰማችሁትን ካስገባችሁ ሐሳባችሁን ያግዝ። አንቶኒዮን የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ሙያው ትወና ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ይህን ለዕውቀት ብቻ ከጠቀሳችሁት ይቅር። ስለ አካሄዱ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ዝምታው ልትጽፉ ከሆነ ግን ቦታው ነው።

ለጀማሪ ረጅም ፊልም አልመክርም፤ 90 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። ገጸ ባሕርያቱም ጥቂት ይሁኑ። ከተቻለ ከአንድ ሰው ጋር እዩና ሦስቱን ምስሎች ለየብቻ ጻፉ፣ ሳትነጋገሩ። ከዚያ ወረቀታችሁን ተለዋወጡ። ሁለታችሁም የጻፋችሁት ትዕይንት ካለ ሁለተኛውን ዕይታ ከእሱ ጀምሩ።